የገና ዶሮው ለማን ነው?

ለዝግጅት ክፍሉ፦ በትምህርት ቤቶች ስለሚከበሩ የሃይማኖት በዓላት ያወጣችሁትን አነበብኩ። ጨርሶ ይቅር በሚለው አልስማማም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ሲል፣ ልጆች የጎረቤታቸውን በዓል አይወቁ ማለቱ አይመስለኝም።

ችግሩ አከባበሩ ላይ ነው። አምና የልጄ ትምህርት ቤት ገናን ያከበረው ከበዓሉ ሦስት ቀን ቀድሞ ነበር፤ ቄጤማ ተጎዝጉዞ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ዶሮ ወጥ ቀረበ። ጾመ ነቢያት ገና አልተፈታም፣ ስለዚህ ጿሚዎቹ አልነኩትም፤ ሙስሊሞቹም ክርስቲያን ያረደውን አይበሉም። ታዲያ ለማን ተሠራ? (ለመምህራኑ መሰለኝ።) ልጄና ሙስሊም ጓደኛዋ ጥግ ይዘው ከምሳ ዕቃ ሽሮ ሲጎራረሱ አየኋቸው።

ዘንድሮ የጋራው ማዕድ የጾም ይሁን፤ መዝሙሩም በፈቃደኝነት ብቻ፣ ወላጅ ቀድሞ ተጠይቆ።