የንብረት መመዝገቢያ ፕሮግራማችን በአዲስ ኮምፒውተር ላይ አልጫን ስላለበት ምክንያት ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለክቡራን ደንበኞቻችን
ባሉበት

ባለፉት ሳምንታት ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢትና ከመሐል ሜዳ ደውላችሁ ፕሮግራማችን በአዲስ ኮምፒውተር ላይ አልጫን እንዳላችሁ፣ ወይም ከተጫነ በኋላ አልነሳ እንዳለ ያስታወቃችሁን ደንበኞቻችን ሁሉ ይቅርታችንን እንድትቀበሉን በአክብሮት እንጠይቃለን። ጥፋቱ የእናንተም፣ ኮምፒውተሩን ያዘጋጀላችሁ ባለሙያም አልነበረም። ፕሮግራሙን ስንገነባ መጻፍ የነበረብንን ገደብ ሳንጽፍ በመቅረታችን የመጣ ነው።

ፕሮግራማችን የተጻፈው ፓይተን በተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ሲሆን፣ ሒሳቡን የሚሠራው ነምፓይ በተባለ ሌላ ፓኬጅ፣ ማለትም ሌሎች ባዘጋጁት የፕሮግራም ክፍል፣ እየታገዘ ነው። ሲጫን ፒፕ የተባለው መሣሪያ እኛ የጻፍነውን ዝርዝር አንብቦ የሚያስፈልገውን ከኢንተርኔት ያወርዳል። በዝርዝሩ ላይ «ነምፓይ 1.21 ወይም ከዚያ በላይ» ብለን ነበር፤ «ከዚያ በላይ» የሚለው ግን ማብቂያ አልነበረውም። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ነምፓይ 2.0 ወጣ። በፈረንጆች 2006 ከወጣው ከ1.0 ወዲህ የመጀመሪያው ዋና የስሪት ለውጥ ስለነበረ፣ በሲ ቋንቋ ተጽፈው አስቀድመው የተገነቡ ክፍሎች ከነምፓይ ጋር የሚገናኙበትን መንገድም ለወጠው። የእኛ የሒሳብ ክፍል የተገነባው ግን በአሮጌው ነምፓይ ነበር።

በመሐል ሜዳ ሱፍና ዝተት የሚነግዱ ደንበኛችን በአሮጌው ኮምፒውተራቸው ላይ ምንም ችግር ያልገጠማቸው፣ ነምፓይ 1.26 እዚያው ተቀምጦ ስለቆየ ብቻ ነው። አዲሱን ሲገዙ ፒፕ ሁለተኛውን ስሪት አመጣላቸው፤ የሱፍ መዝገቡን ሲከፍቱም ስክሪኑ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተሞላ። ልጃቸው ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልን። ፎቶው የያዘው ግን የመጨረሻዎቹን መስመሮች ብቻ ነበርና ነምፓይ የተበላሸ መስሎን ደግመው እንዲያወርዱት ነገርናቸው። በሞባይል ዳታ ሙሉ ቀን ፈጀባቸው፤ ፒፕም ያንኑ ሁለተኛ ስሪት መልሶ አመጣው። በማግስቱ ጽሑፉን ከላይ ጀምሮ ሲልኩልን፣ በነምፓይ 1 የተገነባ ሞጁል (የፕሮግራም ክፍል) በነምፓይ 2 ላይ ሊሠራ እንደማይችል በመጀመሪያው መስመር ላይ በግልጽ ተጽፎ አገኘነው። የባከነባቸው ቀን እስከ ዛሬ ይቆጨናል።

የሸዋ ሮቢቱ ችግር ከዚህ የተለየ ነው። የላክነው ፋይል ስሙ ላይ «ሲፒ311» የሚል አለው፤ ይህም ለፓይተን 3.11 የተገነባ ማለት ነው። በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ የተጫነው ግን 3.13 ስለነበረ፣ ፒፕ የተገነባውን ፋይል ትቶ ከምንጭ ኮዱ እንደ አዲስ ሊገነባ ሞከረ፤ ለዚያም ማይክሮሶፍት ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ የተባለው የመገንቢያ መሣሪያ 14.0 ወይም ከዚያ በላይ እንደሚያስፈልገው አስታወቀ። ይህን መልእክት ስታዩ ብዙ ጊጋባይት የሚወስደውን መሣሪያ ለማውረድ አትድከሙ። የፓይተናችሁን ስሪት ብቻ ንገሩን፤ የሚስማማውን ፋይል ገንብተን እንልካለን።

«ዲስትዩቲልስ» አልተገኘም የሚል መልእክት ለመጣባችሁም ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ይህ ቀድሞ ከፓይተን ጋር አብሮ ይመጣ የነበረ ክፍል ከ3.12 ጀምሮ ከፓይተን ተወግዷል። እኛም ከፕሮግራማችን አስወግደነዋል።

አሁን የሒሳብ ክፍሉን በነምፓይ 2 ገንብተነዋል፤ እንዲህ የተገነባ ክፍል በነምፓይ 1.26 ላይም ይሠራልና አሮጌ ኮምፒውተር ያላችሁ አትቸገሩም። በዝርዝሩ ላይም «ከ3 በታች» የሚል ጣሪያ አስገብተናል። ከዚህ የጠበበ ገደብ ያላስቀመጥነው ሆን ብለን ነው፤ ሁለት ፓኬጆች የማይታረቅ ገደብ ከጠየቁ ፒፕ አንዱንም ሳይጭን ይቆማል፣ ያም ሌላ ጣጣ ነው። በእኛ ዘንድ ተፈትነው የሠሩትን ትክክለኛ ስሪቶች በሌላ ፋይል መዝግበን ከፕሮግራሙ ጋር እንልካለን።

ከእናንተ የምንለምነው ፕሮግራማችን ለብቻው በተከፈተለት የፓይተን አካባቢ (ከሌሎች ፕሮግራሞች ፓኬጆች በተለየ ፎልደር) ውስጥ እንዲጫን፣ በዚያም ውስጥ ማንም ሌላ ፓኬጅ እንዳያሻሽል ነው። ከተጫነ በኋላ ባለሙያችሁ «ፒፕ ቼክ» የሚለውን ትእዛዝ ቢያስኬድ፣ የማይስማሙ ስሪቶች ካሉ በስማቸው ይነግረዋል። ችግር ሲገጥማችሁ ጽሑፉን ከመጀመሪያው መስመር አንስቶ ገልብጣችሁ ላኩልን እንጂ ፎቶ ብቻ አይበቃም።

ኔትወርክ ለሚያስቸግራችሁ ደግሞ የሚያስፈልጉትን ፋይሎች ሁሉ በአንድ ፍላሽ ላይ አዘጋጅተናል፤ ፒፕ ወደ ኢንተርኔት ሳይወጣ ከፍላሹ ብቻ ይጭናል። ደብረ ብርሃን ስትመጡ ከቢሯችን ውሰዱ፤ መምጣት ለማይመቻችሁ በምታምኑት የሚኒባስ ሹፌር በኩል ያለ ክፍያ እንልክላችኋለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የድርጅቱ የቴክኒክ ክፍል
ደብረ ብርሃን