የጀልባዋ ስም ተጽፎ የሴቷ ስም ሲቀር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የስፖርት ገጻችሁ በኦሎምፒክ የመጀመሪያዋ ሴት አሸናፊ የቴኒስ ተጫዋቿ ሻርሎት ኩፐር እንደሆነች ጽፏል። በግል ውድድር ከሆነ ልክ ነው። ኩፐር ያሸነፈችው ግን እ.ኤ.አ. ጁላይ 11 ቀን 1900 ነው። ከዚያ አስቀድማ፣ ሜይ 22 ቀን፣ ኤለን ደ ፑርታሌስ ከፓሪስ ወጣ ብሎ በሴን ወንዝ ላይ በተካሄደው የሸራ ጀልባ ውድድር ከባሏ ከኸርማንና ከዘመዱ ከበርናር ጋር ሆና «ሌሪና» በተባለችው ጀልባ ለስዊዘርላንድ አሸንፋለች።

ስሟ የተዘለለበት ምክንያት ግልጽ ነው። የሸራ ጀልባ ክለቦች ውጤት ሲመዘግቡ የኖሩት በጀልባዋና በባለንብረቱ ስም ነው። በ1908 ፍራንሲስ ሪቬት-ካርናክ፣ በ1920 ዶሮቲ ራይት ከባሎቻቸው ጋር ወርቅ አግኝተዋል፤ ዛሬ ማን ያነሳቸዋል? ቪርዢኒ ኤርዮ በ1928 አምስተርዳም ላይ ወርቅ ስታገኝ የተሻለ የታወቀችው ጀልባዋ የራሷ ስለነበረች ነው።

ከጀልባዋ ባለቤት ሌላ የረዳቱ ሥራም ይዘነጋል። 470 የምትባለውን የውድድር ሸራ ጀልባ እንውሰድ፤ ሁለት ሰው ይሳፈርባታል፤ ርዝመቷ 4.70 ሜትር ነው። አንዱ መሪውንና ትልቁን ሸራ ይይዛል። ረዳቱ የፊቱን ሸራ ይቆጣጠራል፤ ነፋስ ሲበረታ ከምሰሶው በወረደ ሽቦ ታስሮ፣ የጀልባዋን ጠርዝ በእግሩ ረግጦ፣ ሰውነቱን ወደ ውጭ ይዘረጋል። ጀልባዋን ከመጋደል የሚያድናት ይህ ክብደት ነው። ነፋሱ ድንገት ሲረግብ ቶሎ ካልተመለሰ ጀልባዋ ወደ እሱ ትዘነብልና ውኃ ውስጥ ይነከራል። ስፒኔከር የሚባለው ሰፊ ሸራ ሲወጣም ዘንጉን አያይዞ ገመዱን የሚያስተካክለው እሱ ነው፤ ሸራው ተጠማዞ ከወጣ እስኪፈታ ድረስ ሌሎች ጀልባዎች ጥለዋቸው ይሄዳሉ። የመሪው ስም ብቻ ሲጻፍ ይህ ሁሉ ሥራ ባለቤት ያጣል።

የዳኞች ጀልባ ላይ ያለው ሥራ ደግሞ ከዚህም በላይ ተረስቷል። በ1815 የተመሠረተው የእንግሊዙ ሮያል ያት ስኳድሮን ለሴቶች ሙሉ አባልነት የፈቀደው በ2013 ነው። በብዙ ክለቦች ግን ሴቶች አባል ሳይባሉ ሰዓት ይዘዋል፣ ውጤት አስልተዋል። ቀላል ሥራ አይደለም። ከመነሻው 5 ደቂቃ ሲቀር የሚወዳደረው የጀልባ ምድብ ባንዲራ ይሰቀላል፤ 4 ሲቀር ተወዳዳሪዎች እንዲዘጋጁ የሚያሳስበው የዝግጅት ባንዲራ ይጨመራል፤ 1 ሲቀር የዝግጅቱ፣ ሰዓቱ ሲደርስ የምድቡ ይወርዳል። ሰዓት የሚያዘው በባንዲራው ነው፤ ከባንዲራው ጋር የሚሰማው የምልክት ድምፅ ቢዘገይ ወይም ጭራሹን ቢቀር ለውጥ የለውም። ልዩ ልዩ ዓይነት ጀልባዎች አብረው ሲወዳደሩ ደግሞ የፈጀባቸው ጊዜ በ1000 ተባዝቶ ለጀልባው ዓይነት እንደ ፍጥነቱ ለተሰጠው ቁጥር ይካፈላል። ቁጥሯ 1100 የሆነች ጀልባ በ66 ደቂቃ ብትገባ ውጤቷ 60 ይሆናል፤ ቁጥሯ 1000 የሆነች በ61 ደቂቃ ብትገባ 61 ላይ ትቀራለች። ስለዚህ 5 ደቂቃ ዘግይታ የገባችው ታሸንፋለች። መዝጋቢዋ ጀልባዋ የምትለይበትን፣ ሸራው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንድ አኃዝ ብታሳስት ዋንጫው ላልተገባው ይሰጣል።

የእነዚህን ሴቶች ስም የሚፈልግ ሰው የዋንጫ ዝርዝር ላይ አያገኘውም። የመግቢያ ሰዓት ወረቀቶችን፣ በተለይም ምስክሮች በስም የሚጻፉባቸውን የአቤቱታ መዝገቦች ያገላብጥ።

ሴቶች በኦሎምፒክ የራሳቸው የሸራ ጀልባ ውድድር ያገኙት በ1988 ነው፤ እሱም በ470 ነበር። በ2024 ማርሴይ ላይ 470 ወንድና ሴት አብረው የሚወዳደሩበት ሆነና ላራ ፋድላው መሪ፣ ሉካስ ሜር ረዳት ሆነው ለኦስትሪያ ወርቅ አመጡ። እንዲህ ያለ ውጤት ስታትሙ የሁለቱንም ስም ከነሥራ ድርሻቸው አውጡ፤ የኤለን ደ ፑርታሌስንም እርማት በዚያው ገጽ አስፍሩልን።