መሰንቆ ሁልጊዜ ማሲንቆ አልነበረም

ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ በገና ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አንድ ቦታ ላይ ግን ከጸሐፊው ጋር አልተስማማንም። መዝሙረ ዳዊት በገናና መሰንቆ ስለሚል፣ ዳዊት የያዘው የዛሬዎቹኑ የኛን መሣሪያዎች ነው፣ የደረደረውም «ይህንኑ በገና» ነው ይላል። ስም እንዲህ በቀላሉ አይታመንም።

መዝሙር 150 በአማርኛ «በበገናና በመሰንቆ አመስግኑት» ይላል። ግእዙ ደግሞ «ሰብሕዎ በመዝሙር ወበመሰንቆ» ነው። በገና የሚል ቃል የለበትም! ለኛ መዝሙር የሚዘመር እንጂ የሚደረደር አይደለም። ያኔ ግን የመሣሪያም ስም ነበር።

የመሰንቆ ነገር ይብሳል። ቃሉ ሰንቀወ ከሚለው የግእዝ ግስ ነው፤ መሣሪያ መታ እንደማለት። ግእዙ የተተረጎመው ከግሪክኛ ሲሆን፣ በመሰንቆ ቦታ ግሪክኛው ኪታራ ይላል። ኪታራ ባለ ብዙ ክር ነው፤ ዘመዱ ክራር እንጂ ማሲንቆ አይደለም። (ጊታር የሚለው ስምም የወጣው ከዚሁ ከኪታራ ነው።) በደጋን የሚመታ መሣሪያ በዓለም ላይ በግልጽ የሚታወቀው ደግሞ ከ10ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ጀምሮ ነው። የአክሱም ተርጓሚዎች ሥራቸውን ከጨረሱ መቶዎች ዓመታት አልፈው ነበር። ስለዚህ አዝማሪው የያዛት ባለ አንድ ክር ማሲንቆ ስሟን የወረሰችው ከሌላ ነው።

ይሄ በኛ ብቻ የደረሰ እንዳይመስላችሁ። እስራኤል አገር ናታንያ የምትኖር የእህቴ ልጅ «ኪኖር እየተማርኩ ነው» አለችኝ። ኪኖር በዕብራይስጡ የዳዊት መሣሪያ ስም ነው። ደስ ብሎኝ ፎቶ ላኪልኝ አልኳት። ላከች። ቫዮሊን! ለካስ በዛሬው ዕብራይስጥ ኪኖር ማለት ቫዮሊን ነው። እዚያም ስሙን ባለ ደጋኑ ወሰደው።

እንዚራም አለች። እዚያው መዝሙር 150 ላይ «በአውታር ወበዕንዚራ» ሲል ራሷን የቻለች መሣሪያ ናት። ዛሬ በገና ደርዳሪ እንዚራ የሚላት ከክሩ ሥር የሚሸጉጣትን ቁራጭ ቆዳ ነው። ያ እዝዝ የሚለው የበገና ድምፅ የሚመጣው ከእሷ ነው። ከመሣሪያነት ወደ ቁራጭ ቆዳ! ግን ያለሷ በገናው በገና አይሆንም።

በገና የሚለውን ስም መምህራን በገነ፣ ማለትም ደረደረ፣ ከሚል ግስ ያመጡታል። እኛ ደግሞ በአማርኛ የተናደደ ሰው በገነ እንላለን። ሳኦል በበገነ ቁጥር ዳዊት በገና ይደረድርለት ነበር ብዬ ብቀልድ፣ ቅኔ የተማረው አጎቴ ይቆጣኛል።

የኛ ሠዓሊዎች ዳዊትን በገና አስይዘው መሣላቸውን እወደዋለሁ፤ አይቀየርብኝ። እናንተም ዳዊት በገና ደረደረ በሉ። «ይህንኑ በገና» ካላችሁት ላይ «ይህንኑ» የምትለዋን ቃል ብቻ አውጡልኝ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ