ስለ እሁዱ የብስክሌት ጉዞ ለአባላት በሙሉ

የተከበራችሁ አባላት፣

ይህ መልእክት በመጪው እሁድ በኅብረት ስንነዳ ልንጠብቀው የሚገባንን ሥርዓት ለማሳወቅ የተጻፈ ነው። ከጠዋቱ 12፡30 በተለመደው መነሻችን እንገናኛለን፤ ሄልሜት ያላደረገ አባል አብሮ አይጓዝም። ጎማና ፍሬን ፈትሻችሁ፣ ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ መንፊያና ውኃ ይዛችሁ ኑ።

ከሁሉ በላይ የምናሳስበው የፊት ጎማችሁ ከፊታችሁ ካለው ሰው የኋላ ጎማ ጋር ጎን ለጎን እንዳይገባ ነው፤ ሁለቱ ከተነካኩ ሚዛኑን ስቶ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ያለው ሲሆን፣ ተከታዮቹም ይደራረቡበታል። ስለዚህ ድንገት ፍሬን አትያዙ፤ ጉድጓድ ያየ በእጁ ያመልክት፣ በድምፅም ያሳውቅ፣ ምልክቱም እስከ መጨረሻው ሰው ይተላለፍ። ጎማ የተነፈሰበት ካለ ሁላችንም ከመንገዱ ወጥተን እንጠብቀዋለን (ውድድር የሚሻ አባል ሌላ ቀን ይምረጥ)።

የምትመጡ እስከ ዓርብ ማታ እዚሁ እንድታሳውቁን በአክብሮት እንጠይቃለን።