አያቶቻችን ቤት ድጋሚ እንድንሄድ አግዙን

የጎጃም ልጆች እንዴት ናችሁ፣ አገር ቤት ያላችሁም አዲስ አበባም ውጭም ያላችሁ። አምና ጥቅምት ላይ ቢቸና ዙሪያ በ3 ቀበሌ 85 ዓመት ያለፋቸውን አያቶች ቤት ለቤት እየዞርን የአካላቸውንም የአእምሯቸውንም ጤና መመዝገብ ጀምረን ነበር፣ ነርሶች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኞችና እንደኔ ያለን አስተማሪዎች ሆነን ከኪሳችን አዋጥተን። ዘንድሮ እነዛኑ ሰዎች ድጋሚ ማየት አለብን፣ ኪሳችን ግን አልቻለም፣ የጎደለን 96 ሺህ ብር ነው።

ለምን ድጋሚ ለምትሉኝ የራሴን አያት ላንሳ። እምዬ ቡና ላይ ዝም ማለት ከጀመረች ቆይታ ነበር፣ ስትጠየቅ ሌላ ትመልሳለች፣ እኛም ጃጅታለች ብለን ተቀበልን፣ አንድ ጤና ተቋም ብወስዳትም "እርጅና ነው" ተብዬ ይዣት ተመለስኩ። አምና ሲስተሯ እቤት መጥታ ጆሮዋን በባትሪ ስታይ ለካ ሁለቱንም ኩክ ደፍኖታል! ከቀናት በኋላ አለስልሳ አጠበችላትና እምዬ በሳምንቱ ቡና ላይ "እኔኮ ተጣልያን በፊት ነው የተወለድኩ" እያለች ጨዋታ ጀመረች። መጀመሪያ ቀን የሞላነው ፎርም ግን አሁንም "ጥያቄ አይገባቸውም" ነው የሚለው፣ ካልተመለስን እንደዛው ነው የሚቀር።

ዕድሜ ራሱ ቀላል አይደለም፣ የልደት ካርድ ያለው የለማ፣ ስለዚህ ጣልያን ሲገባ በ1928 ወይም ሲወጣ በ1933 ይድሁ ነበር ወይስ ጥጃ ያግዱ ነበር እያልን ነው የምንቆጥረው። ከፈረንጅ የመጣው የማስታወስ ፈተና ደግሞ ቀኑ ስንት ነው ይላል፣ አንድ አባት "ኪዳነ ምሕረት ናት" አሉን፣ 16 ማለት ነው፣ ልክ ናቸው። እዛው ላይ አንብብ፣ ጻፍ የሚልም አለ፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰው እዛ ጋ ነጥብ ቢያጣ አእምሮው ደከመ ማለት አይደለም። በኔ እምነት የኛን ሰው ማወዳደር ያለብን ከፈረንጅ ቁጥር ጋር ሳይሆን ከራሱ ካምናው ጋር ነው፣ ለዛ ደግሞ ሁለተኛ ዙር የግድ ነው። ያዘነና የረሳ ሰውም አንዴ ሲታይ ይመሳሰላል፣ ልጅ ቀብሮ ዝም ያለ ሰው ስንቱ ነው ጃጀ የተባለው።

እንግሊዝ አገር ኒውካስል ላይ እንደ ፈረንጅ በ1921 የተወለዱትን ከ2006 ጀምሮ፣ 85 ሲሆናቸው ማለት ነው፣ እየተመላለሱ አጥንተዋቸዋል። ከበሽታ ነጻ የሆነ አንድም አልተገኘም፣ ግን ከ10 ሰው 8 ያህሉ ከእኩዮቼ ጋር ሲወዳደር ጤናዬ ደህና ነው ብለዋል። ይሄ የሚገርም ነገር ነው፣ የኛ አያቶችስ ምን ይሉ ይሆን? ቤት ለቤት ለዓመታት መከታተል ለኛም አገር አዲስ አይደለም፣ ቡታጅራ ላይ በኛ አቆጣጠር በ1979 ነው የተጀመረው።

ብሩ የሚውለው ለትራንስፖርት፣ ለመዝጋቢዎች ውሎ አበል፣ ለግፊት መለኪያና ለእጅ ጉልበት መለኪያ ነው (አምና ተውሰን ነበር፣ ጭብጣቸው እየላላ የሄደ ሰዎች ራሳቸውን ችለው መኖር ቶሎ ስለሚያቅታቸው መለካት አለበት)። ፈቃድ ያልሰጠ ሰው አይመዘገብም፣ የማንም ስም ከመዝገቡ ወጥቶ ለሌላ አይነገርም፣ የታመመ ከተገኘ ወደ ህክምና እንልካለን።

የምትችሉ ለእድራችን ገንዘብ ያዥ ስጡ፣ ደረሰኝ ትቀበላላችሁ፣ 50 ብርም ብትሆን ትመዘገባለች። ብር ባይኖራችሁም እዛ ቀበሌ ዘመድ ካላችሁ ደውሉና ልጆቹ ሊመጡ ነው፣ ውሻ እሰሩላቸው በሉልን፣ መንገድ ከተዘጋም ቀኑን እናሸጋግራለን እንጂ አንቀርም። እምዬ "ያች ልጅ መቼ ነው የምትመጣ" እያለች ትጠይቀኛለች፣ ከመስቀል በኋላ ጭቃው ሲደርቅ ብያታለሁ።