«ቦሊስ» ብትል ምን አለበት?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ሰው በአነጋገሩ ሲሳቅበት ማየት ያመኛል። አያቴ «ፖሊስ» ማለት አይሆንላትም፤ «ቦሊስ» ነው የምትለው። «ፖስታ»ም «ቦስታ» ነው። ባለፈው አንድ ቢሮ ገብታ «ቦስታ ልኬ ነበር» ስትል፣ ጸሐፊው ቃሉን መልሶ እየደገመ ሳቀባት። ከዚያ በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የጨረሰችው።

አያቴ ግን አልተሳሳተችም። «ፐ» በአማርኛ በብዛት የሚሰማው ከውጭ በመጡ ቃላት ነው። ከልጅነቷ ያልለመደችውን ድምፅ በቅርብ ዘመዱ በ«በ» ተካችው። «ቴሌቪዥን»ን «ቴሌብዥን» የሚሉትም እንደዚሁ ናቸው። «ቨ» ራሷ እኮ «በ» አናቷ ላይ ሰረዝ ተጨምሮባት የተሠራች ፊደል ናት!

የአገሩ ዘዬም እንዲሁ ነው። «ከዚያ» የሚለውን ወሎ ላይ «ተዚያ»፣ ጎጃም ላይ «ኸዚያ» ሲሉት ትሰማላችሁ። «ጸሎት»ን «ጠሎት» የሚልም ሞልቷል። ለኔ ይሄ ሁሉ አማርኛ ነው፤ ደግሞ ደስ ይላል።

እባካችሁ፣ የባላገር ሰው ቃለ ምልልስ ስታትሙ «ተዚያ»ውን ወደ «ከዚያ» አትቀይሩት። ሰውየው እንደተናገረው ይውጣ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አንባቢ