የከብት ድርቆሽ ለላካችሁልን ሁሉ፦ የምስጋና መልእክት ከቦረና

ምስጋናችን ዘግይቷል። አባቴ «ከድርቁ የተረፉት ላሞች ወልደው ወተት ሳይናጥ ምን ብለን እናመሰግናለን?» ስላለ ነው። አሁን ሦስቱም ወልደዋል፤ እናቴም ቅቤ አውጥታለች።

ከ2013 ዓ.ም. መኸር ጀምሮ ቦረና ላይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከዱን። ኤላ የምንላቸው ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶቻችን ውኃ ቢኖራቸውም በዙሪያቸው ሣር አልነበረም፤ ትንሽ ሣር የቀረበት ቦታ ደግሞ ውኃ የለውም። በቦቴ ውኃ ያመላለሳችሁልን ሹፌሮች፣ ያቺን ርቀት ያሳጠራችሁልን እናንተ ናችሁ።

የከሳ ከብት በመጀመሪያ የሚያቅተው መነሣት ነው። በየማለዳው አንዱ ጭራዋን፣ ሌላው ቀንዷን፣ የቀረው ጎኗን ይዞ ላሚቱን እናቆማታለን፤ ማታ ተመልሳ ትወድቃለች። ጎረቤቶቻችን የራሳቸውን ከብት አንሥተው ወደ እኛ ይመጡ ነበር። የእነርሱ ካለቀ በኋላም መምጣታቸውን አልተዉም። ይህን በምን ቃል እንደማመሰግን አላውቅም።

ከዚያ ድርቆሹ መጣ። ሣሩ ለአካባቢያችን እንግዳ ስለነበር ላሞቹ አሽትተው ጥቂት አመነቱ፤ ከዚያ በሉ። ለሁሉም እንደማይበቃ ያወቀው አባቴ ለእናት ላሞች ብቻ እንዲሰጥ ወሰነ። በሬዎቹ እያዩ መከልከል አንጀት ይበላል። ነገር ግን መንጋ የሚተካው በእናት ላም ነው፤ ዛሬ በረታችን ውስጥ ያሉት ላሞችና ጥጆቻቸው የዚያ ውሳኔና የእናንተ ሣር ውጤት ናቸው።

በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ሲዘንብ መከራው ያበቃ መስሎን ነበር። የከሳ ከብት ግን ብርድ አይችልም፤ ከቀሩን አምስት ላሞች ሁለቱ በመጀመሪያው የዝናብ ሌሊት ሞቱ። ሣሩም እስኪበቅል ሳምንታት ይፈልጋል። ዝናብ መጣ ሲባል ብዙ ሰው እፎይ ባለበት በዚያ ወቅት ሁለተኛውን መኪና ላካችሁልን። በጭቃ እየተጓዝክ መድኃኒት ያደረስክልን የእንስሳት ሐኪምም፣ እድሜህ ይርዘም።

ጎሳችን በቡሳ ጎኖፋ፣ ማለትም ከብቱ ላለቀበት ሰው ከብት በሚዋጣበት ባህላችን፣ ሁለት ጊደሮች ሰጥቶናል። የሰጡን ሰዎች ራሳቸው አብዛኛውን መንጋቸውን ያጡ ናቸው።

በመጨረሻም፣ ሁለተኛውን ድርቆሽ ሌሊት አድርሰህ ዝናብ እንዳያበላሸው የመኪናህን ሸራ አልብሰህልን የሄድከው ወንድማችን፣ ስምህን እንኳ ሳንጠይቅህ ቀረን። ሸራህ ታጥፎ ቤታችን ተቀምጧል። በዚህ መንገድ ካለፍክ ግባና ውሰደው፤ እናቴም ወተት ታጠጣሃለች።